መልስ፦ የሌላ ጎሳ ታርታን (የስኮትላንዶች ባለ መስመር ካሬ ጥለት ጨርቅ) መልበስ ነውር ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ስኮትላንዳዊ ጓደኛህ ሰርግ ላይ የማን ጎሳ እንደሆነ የማታውቀውን ኪልት (ከታርታን የሚሰራ የወንዶች ጉርድ) ብትለብስ ነውር ይሆን ወይ ላልከው፣ ኧረ ምንም ችግር የለውም፣ የሚከለክል ህግም የለም። እንደውም ይሄ ጎሳ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ታርታን አለው የሚሉት ወሬ ብዙም ጥንታዊ አይደለም፣ ድሮ ሃይላንድ (የስኮትላንድ ተራራማው ክፍል) ያለው ሰው የሰፈሩ ሸማኔ የሰራለትን ነበር የሚለብሰው። በፈረንጆች 1815 የለንደኑ ሃይላንድ ሶሳይቲ የሚባለው ማህበር የጎሳ አለቆቹን የታርታናችሁን ናሙና ላኩ ሲላቸው አንዳንዱ አለቃ የራሱ የቱ እንደሆነ እንኳን አያውቅም ነበር ሃሃ። ከዛ 1822 ንጉስ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራ ሲመጣ ሁሉም ታርታን ፍለጋ ተሯሯጠ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ባኖክበርን የነበሩት የታርታን ሸማኔዎች ዊልሰኖች በስም ሳይሆን በቁጥር እየጠሩ ይሸጡት የነበረ ጥለት ሳይቀር የጎሳ ስም ወጣለት። ግን ዛሬ ሰዎቹ ከልባቸው ይኮሩበታል፣ እንዳትቀልድባቸው። ካመነታህ ብላክ ዎች የሚባለውን ጠቆር ያለ አረንጓዴና ሰማያዊ ተከራይ፣ እሱን ማንም ይለብሰዋል።