ዛንዚባር ድረስ ሄደን ተኳርፈን ተመለስን

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ዘንድሮ እቁብ ሲደርሰኝ ባለቤቴን ሰርፕራይዝ ላድርገው ብዬ ለአምስት ቀን ዛንዚባር ትኬት ቆረጥኩ፣ ሆቴልም ያዝኩ። የነገርኩት ልንሄድ አራት ቀን ሲቀረን ነው። ልጆቹን እናቴ ጋር ተውናቸው። እዚያ እንደደረስን ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን አሞት ተኛ። በሦስተኛው ቀን ፓጄ የሚባለው ቦታ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ባሕሩ ሸሸ፣ ሴቶች ገብተው የባሕር ሣር መሰብሰብ ጀመሩ። ፎቶ አነሳቸውና ‹እናቴን ይመስላሉ› አለኝ። ‹እባክህ እዚህ እንኳ የእናትህን ነገር ተወው› አልኩት። እናቱ ጎጃም ገጠር ናቸው፣ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ በየወሩ ይልክላቸዋል። ምሳ ሲመጣ በዚህ ዓሣ ዋጋ እሳቸው ስንት ወር እንደሚኖሩ አሰላልኝ። ጥዬው ተነሳሁ። ከተመለስን ሁለት ወር ሆነን፣ የምናወራው የልጆቹን ጉዳይ ብቻ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ?»

እህቴ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማረፍ መፈለግሽ ጥፋት አይደለም። ልጅ እያሳደግሽ፣ ሥራ እየተመላለስሽ፣ ከራስሽ እየቆጠብሽ እቁብ ጥለሽ፣ ሲደርስሽ ደግሞ ገንዘቡን ከባሌ ጋር ላሳልፍበት ማለትሽ ፍቅር ነው። ስለ ጉዞው ይቅርታ አትጠይቂ።

ራስ ምታቱንም ሆን ብሎ ያመጣብሽ እንዳይመስልሽ። አድ ቪንገርሁትስ የሚባል የሆላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ ላይ ደህና ሆነው ዕረፍት ሲወጡ የሚታመሙ ሰዎችን አጥንቷል። ራስ ምታትና ድካም የተለመዱ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃውም ሥራ የሚበዛባቸውንና ኃላፊነት አብዝቶ የሚሰማቸውን ነው። ባልሽ ደግሞ ቤተሰብ እጁን የሚጠብቀው የበኩር ልጅ ነው። በሦስት ሰዓት በረራ ይህ ሁሉ ከትከሻው አይወርድም።

እኔን የያዘኝ ግን ያ «እናቴን ይመስላሉ» ያለሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፓጄ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ እነዚያ ሴቶች ልብሳቸውን ሸብ አድርገው ይገባሉ፣ አሸዋው ላይ በተተከለው እንጨት መሃል የተወጠረውን፣ ሣሩ የሚያድግበትን ገመድ ጎንበስ ብለው ይፈታሉ፣ ሣሩን በጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ። ደርቆ ይሸጣል፣ ለጥርስ ሳሙናና ለመዋቢያ መሥሪያ ይሆናል። ድካሙ ብዙ ነው፣ ለእነሱ የሚተርፈው ትንሽ። እናቱ ጎንበስ ብለው ጤፍ ሲያርሙ እያየ ያደገ ልጅ ያንን ሲያይ ምን ይሰማዋል ብለሽ አስቢው። አንቺ የዕረፍታችን ሰዓት ተበላሸ ብለሽ ሰማሽው። እሱ ግን ሁለት ቀን ተኝቶ ከዋለ በኋላ በሩን ከፍቶልሽ ነበር፣ የውስጡን እያሳየሽ ነበር።

ባለትዳሮችን በማጥናት የሚታወቀው ጆን ጎትማን እንዲህ ያለችውን ትንሽ ንግግር «ጠጋ በይኝ፣ ስሚኝ» እንደሚል ግብዣ ያያታል። አዲስ ተጋቢዎችን ተከታትሎ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲያይ፣ አብረው የቆዩት ለግብዣው መልስ ይሰጡ የነበረው ከ100 ጊዜ 86ቱን ነበር። የተፋቱት 33ቱን ብቻ። አንድ ግብዣ ስላመለጠሽ ትዳር አይፈርስም። ሁሉም ሰው ያመልጠዋል፣ እኔም። ግን እሱ ከዚያች ደቂቃ በኋላ በሩን ዘጋው፣ ምሳ ላይ በዓሣው ሒሳብ አወጣው። ያ ጥፋቱ የራሱ ነው። የሚስቱን ስጦታ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ በብር መመንዘር ያማል፣ ማመሙንም ሊሰማ ይገባዋል።

ስለ ሰርፕራይዙም ትንሽ ልበል። እቁቡ ያንቺ ነው፣ አልከራከርም። ግን ቤተሰብ የሚጦር ሰው ለራሱ ከማውጣቱ በፊት ለእናቱ ልኮ መገላገል ይፈልጋል። ያኔ ነው የሚበላው ጉሮሮው ላይ የማይቀርበት። አራት ቀን ለዚያ አይበቃም፣ ደግሞ በስጦታ ላይ «ቆይ፣ አሁን አይመቸኝም» ማለትም ይከብዳል። ምናልባት አውሮፕላኑ ላይ የወጣው ጥፋተኝነቱን ይዞ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አብራችሁ ወስኑ፣ የእናቱን ድርሻ አስቀድማችሁ ላኩ፣ ከዚያ ውጡ። ዛንዚባር መሆን የለበትም፣ ላንጋኖ አንድ ሌሊትም ይበቃል።

አሁን ግን ሽማግሌ አትጥሪ፣ ለእናትሽም አትንገሪ። ማታ ደክሟችሁ አልጋ ላይም አትጀምሪው። ቅዳሜ ልጆቹ ሳይኖሩ ቡና አፍይና አጠገቡ ተቀመጪ። «ለምን እንዲህ አደረግከኝ» ብለሽ ከጀመርሽ ክርክር ይሆናል። የዓሣው ነገር ስንት ቀን እንዳስለቀሰሽ ትነግሪዋለሽ፣ ግን ሁለተኛ ይሁን። መጀመሪያ ያነሳውን ፎቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። አብራችሁ እዩት። «ያን ቀን እናቴን ይመስላሉ ስትለኝ አፍህን ዘጋሁብህ፣ ይቅርታ፣ ምን ልትነግረኝ ነበር?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ቶሎ ላይመልስልሽ ይችላል፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝም ቢሆን ጠብቂው።