ለባሕር ዓሣ ማጥመድ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ላይ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ላባና ክር ተጠቅልሎበት ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ) ለአንድ ሳምንት ዓሣ ላጠምድ ነው። ምን ልብስና ዕቃ ልያዝ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ፖላራይዝድ መነጽር። ያለ እሱ የውኃው ነጸብራቅ ዓሣውን ይሸፍንብዎታል፤ የተወረወረ መንጠቆም ዓይን ሊወጋ ይችላል። ቡናማው መስታወት ለዚህ ውኃ ይስማማል፤ መለዋወጫም ይያዙ።

ቶሎ የሚደርቁ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዞች 3፣ ሱሪዎች 2 ይበቃሉ። ጂንስ ይቅርብዎት፤ ከረጠበ አይደርቅም፣ ጨው ይዞም ቆዳ ይልጣል። የዝናብ ጃኬት በጠራራ ፀሐይም አይቀርም፤ ጀልባው ሲፈጥን የሚረጨው ውኃ ያበሰብሳል። ጫማው ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን፤ ኮራል (በባሕር ወለል ላይ የሚያድገው ድንጋይ መሰል ነገር) ስለታም ነው።

የማጥመጃ ዘንግ 8 ቁጥር፣ ለትልልቅ ዓሣ ደግሞ 10 ቁጥር፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይበረታል። የክር ማጠንጠኛውን ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ ቀስ ብለው ያለቅልቁት፤ በኃይል የሚወርድ ውኃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከተቀቡ በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡ ክሩን አይንኩ፤ ሽፋኑን ሊጎዳው ይችላል።