ሲያትል ላይ ልጆች ይዞ ተራራ መውጣት፦ ስለ ኩጋር ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ሲያትል አዲስ ነኝ፣ ልጆቼን ተራራ ላወጣቸው አስቤ መግቢያው ላይ የኩጋር (ትልቅ የዱር ድመት ነው) ማስጠንቀቂያ አይቼ ተመለስኩ፣ እውነት ሰው ይበላል ወይ ብለሻል።

እዚህ 14 ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ታይገር ማውንቴን እወጣለሁ (ስሙ አያስደንግጥሽ፣ ታይገር የለበትም)። ኩጋር ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ሊመሽ ሲል። ልጄ ያኔ 6 ዓመቱ ነው፤ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ይሮጣል። ከመንገዱ በላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ቡናማ ነገር አየሁ። አጋዘን መሰለኝ። ጅራቱን ሳይ ክው አልኩ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ጫፉ ጥቁር። የሚያየው ደግሞ እኔን አይደለም፣ ልጄን ነው።

«ቁም! እንዳትሮጥ!» አልኩት። ደርሼ ሳላጎነብስ ብብቱን ይዤ አነሳሁት። በአንድ እጄ አቅፌው፣ በሌላው ጃኬቴን እያውለበለብኩ፣ የማውቀውን የአማርኛ ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ገባው መሰለኝ፣ ዞር ብሎ ሄደ። እኛም ፊታችንን ወደ እሱ አድርገን የኋሊት ወረድን።

አለመሮጥን የተማርኩት አገር ቤት፣ ከጅብ ነው። ኩጋርም የሚሮጥ ነገር ካየ ማሳደድ ይቀናዋል። በፈረንጆቹ 2018 ኖርዝ ቤንድ አካባቢ አንድ ኩጋር ሁለት ብስክሌት ነጂዎችን አገኛቸው። ቆመው ጮሁበት፣ በብስክሌት መቱት፣ ሸሸ። ተመልሶ መጣና አንዱን ጭንቅላቱን ነከሰው። ጓደኛው ደንግጦ ሲሮጥ የያዘውን ለቆ እሱን ተከተለ፤ ገደለው። ነፍስ ይማር። ማን አይሮጥም? በዋሽንግተን ስቴት ከዚያ በፊት ኩጋር ሰው የገደለው በ1924 ነበር። እኔስ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከኩጋሩ ይልቅ ወደዚያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና፣ አይ-90ን እፈራለሁ።

ከያዘ ደግሞ መታገል ነው። ሞቶ መምሰል ለኩጋር አይሠራም። በ2024 ፎል ሲቲ አጠገብ አንዷን ብስክሌተኛ መንጋጋዋን ሲይዛት፣ ጓደኞቿ በድንጋይም በዱላም ታግለው አስለቀቋት፣ እሱንም በብስክሌት ተጭነው ያዙት። ተርፋለች።

ስለዚህ ስጋትሽ ለራስሽ ሳይሆን ለልጆቹ ይሁን። በ2023 ኦሎምፒክ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ኩጋር የ8 ዓመት ልጅ አጥቅቶ፣ እናቱ ስትጮህ ነው ጥሎት የሄደው። ልጆቹን መሀል አድርጊ፣ ከፊት አይሩጡ፣ ከኋላም አይንቀርፈፉ። ማለዳና ምሽት ላይ ተዪው። ውሻ ካለሽ ታስሮ ይሂድ። የድብ ስፕሬይ (በርበሬ ያለበት መርጫ ነው) ግዢ፤ ቦርሳ ውስጥ ቀብረሽው ግን ዋጋ የለውም፣ ወገብሽ ላይ ይንጠልጠል።

ለመጀመሪያ ቀን ራትልስኔክ ሌጅን ሞክሩ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛበት አትፈሪም። ራትልስኔክ የእባብ ስም ስለሆነ እባብ አለበት ብለሽ ደግሞ እንዳትመለሺ፣ ይሄም ስሙ ብቻ ነው።