እርጉዝ ሆኜ የጥርስ ማደንዘዣ ብወጋ ልጄ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መንጋጋ ጥርሴ ተበልቶ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። "እርጉዝ ጥርስ አትነቀልም፣ ማደንዘዣው ያስወርዳል" ስላሉኝ አይቡፕሮፌን እየዋጥኩ ነው። እስክወልድ ልቻለው?

መልስ፦ አትቻዪው። የፈራሽው ልጅሽን እንዳታጪ ነው፣ ይገባኛል። ለጥርስ የሚወጋው ሊዶካይን አያስወርድም። ትንሽ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ ግን ለጥርስ የሚሰጠው መጠን ለልጅሽ የሚያሰጋ አይደለም።

እርግዝና ሰውነትሽን ለማደንዘዣ ስስ ያደርገዋል፣ ይሄ እውነት ነው። በሆርሞኑ የተነሳ ነርቭ በቀላሉ ይደነዝዛል፤ መድኃኒቱን ደም ውስጥ የሚይዘው ፕሮቲንም ይቀንሳል። በኦፕራሲዮን ለምትወልድ ሴት ጀርባዋ ላይ የሚወጋው መጠን የሚቀነሰው አንዱ ለዚህ ነው። ስለዚህ ለጥርስ ሐኪሙ እርጉዝ መሆንሽን ንገሪው፣ መጠኑን እሱ ያውቃል። ወንበሩ ላይ ግን በጀርባሽ ዝርግ ብለሽ አትተኚ። ማህፀኑ ትልቁን የደም ስር ይጫንና ራስሽን ያዞርሻል፣ ከዚያ "መርፌው ጣላት" ይባላል። ቀኝ ዳሌሽ ስር ትንሽ ትራስ አድርገሽ ወደ ግራ ዘንበል በይ።

አሁን የምቆጣበት ላይ ልምጣ። የሚጠቅመውን መርፌ ፈርተሽ የሚጎዳውን ክኒን ትውጫለሽ! አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም ከ20 ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊያዳክሙና የእንሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ዛሬውኑ አቁሚ። ስንት ቀን እንደወሰድሽ ለእርግዝና ክትትል ሐኪምሽ ንገሪ፣ ውሃውን በአልትራሳውንድ ማየት ካስፈለገ እሱ ይወስናል። እስከዚያ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃሻል። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ደግሞ ማንም ቢያመጣልሽ እንዳትነኪው፣ የልጅሽን ጥርስ ያበላሻል።

አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ፤ እብጠት። ጉንጭሽ ወይም ከአገጭሽ ስር ካበጠ፣ አፍሽን መክፈት ካቃተሽ፣ ምራቅ መዋጥ ከከበደሽ፣ ድምፅሽ ከተለወጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መግሉ ወደ አንገት እየወረደ ሊሆን ይችላል። የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ቀጠሮ የለም፣ "ይነጋና" የለም፣ በነጭ ሽንኩርት መያዝ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። እናትየው እንዲህ ስትታመም ነው ፅንሱም አደጋ ላይ የሚወድቀው።

እብጠት ከሌለ ተረጋጊ፤ ያለሽበት ጊዜ ለጥርስ ሕክምና ከሁሉም የሚመቸው ነው። ምናልባትም ጥርሱ ሳይነቀል ይሞላልሽ ይሆናል። የክትትል ካርድሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሂጂ።