ድንኳኑ ነፃ ነው፣ ውሻው ግን ሌላ ሕግ አለው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «የምኖረው ጎተንበርግ ነው። ጁን ላይ ውሻዬን ይዤ ዳልስላንድ ታንኳ ልቀዝፍ አስቤያለሁ። ሐይቅ ዳር በነፃ ድንኳን መትከል ይቻላል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ነው ያልሽው።

እውነት ነው። እኔ ስቶክሆልም አካባቢ ነኝ። አምስት ሰመር እንዲሁ አሳልፌያለሁ፣ ከመቻል ጋር። መቻል ውሻዬ ነው። አንዴ ግን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፣ ታግሠሽ አንብቢው።

1. መብቱ። አሌማንስሬተን («የሁሉም ሰው መብት») የሚሉት ነገር የወሬ አይደለም። ከ1994 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የስዊድን ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። በሰው ጫካ ማለፍ፣ ሐይቁ ላይ መቅዘፍ፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ማደር ማንንም ሳያስፈቅዱ ይቻላል። ከመኖሪያ ቤት ራቂ። የተዘራ መሬት ላይ አትትከዪ። ሰዎቹ በመስኮታቸው የሚያዩሽ ከሆነ በጣም ቀርበሻል ማለት ነው። ዳልስላንድ ላይ ደግሞ በሌሎንግ፣ በፎክሰንና በስቱራ ሌ ሐይቆች ዳር መጠለያ፣ እሳት ማንደጃና ሽንት ቤት ያላቸው የተዘጋጁ ማደሪያዎች አሉ። እነሱ ላይ ለማደር ካርድ ይገዛል። ግዢው፣ አይቆጭሽም።

2. ውሻው። መብቱ ያንቺ እንጂ የውሻሽ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ከማርች 1 እስከ ኦገስት 20 የዱር እንስሳ ባለበት ቦታ ሁሉ ውሻ ተለቆ መሮጥ የለበትም። አንቺ የምትሄጂው ልክ መሃሉ ላይ ነው። ወፎች መሬት ላይ የሚታቀፉበት፣ የአጋዘን ግልገል ሣር ውስጥ ተደብቆ የሚተኛበት ጊዜ ነው። ነጭ ኮከብ የመሰለ ምልክት ካየሽ ጥብቅ ቦታ ነው፣ የራሱ ደንብ አለው። አንዳንዱ ድንኳንም ይከለክላል። የወፍ መጠበቂያ ደሴት ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው ላይ በተጻፉት ቀናት ጭራሽ አትጠጊው። ቀኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ይሄን ሁሉ ማን ነገረኝ ብትይ፣ ማንም። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ኮሙን፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ ደውዬ «ከውሻ ጋር የት ዳርቻ ማደር ይፈቀዳል?» ብዬ ጠየቅኩ። ያነሳው ሰውዬ ስዊድንኛዬን ሰምቶ ተነፈሰ። «ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ማንበብማ አንብቤ ነበር። ያልገባኝን ነበር የጠየቅኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ መዝገበ ቃላት ይዤ ሕጉን በራሴ አነበብኩት። ዛሬ እዚህ የተወለዱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው እኔን የሚጠይቁኝ።

3. ታንኳው። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ግን እናቴ አንድ ቀን እንኳን እንድሳፈር ፈቅዳልኝ አታውቅም። መቅዘፍ የተማርኩት እዚህ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መቻልን ያለማመድኩትም ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ታንኳውን ሣር ላይ አስቀምጬ፣ ውስጡ እየመገብኩት፣ አንድ ሳምንት። ከዚያ ዳር ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ። ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፊለት፤ ጥፍሩ ሲንሸራተት ነው የሚደነግጠውና የሚዘለው። ጀርባው ላይ እጀታ ያለው የመንሳፈፊያ ጃኬት አልብሺው። በምንም ዓይነት ውሻውን ከታንኳው ጋር እንዳታስሪው። ብትገለበጡ ከታንኳው ሥር ተይዞ ነው የሚሰምጠው። ማሰሪያው ለየብስ ነው።

4. ውሃው። ዋናው ይሄ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ ሜላረን ሐይቅ ላይ ነበርን። ታንኳው የኪራይ ነበር። ሦስት ቀን ተከታታይ ሙቀት ነበር። ሁለተኛው ቀን ማታ አንድ የምታምር ጥግ አገኘን፤ ለጥ ያለ ድንጋይ፣ ከኋላ ጥድ፣ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ለስለስ ያለ ነፋስ ወደዚያች ጥግ ሲነፍስ ነው የዋለው። ዳርና ዳሩ ላይ ውሃው ቢጫና አረንጓዴ የሆነ ነገር ሸፍኖታል። ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ጁን ላይ የጥድ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ይተኛል፤ ምንም አያደርግም። እኔም ያ መሰለኝ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ኦገስት ላይ የጥድ ብናኝ የለም፣ ካለቀ ቆይቷል።

መቻል ገብቶ ዋኘ፣ እንጨት አመጣ፣ እንደገና ገባ። ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተኛና ፀጉሩን ይልስ ጀመር። እኔ ድንኳኑን ተክዬ ሽሮ ጣድኩ። ሽሮው ሳይበስል ለሃጩ ሲንጠባጠብ አየሁ። ከዚያ አስታወከ። ሽንኩርት የበላ መስሎኝ ሮጬ ድስቱን አየሁ፤ አልተነካም። ሊነሳ ሲል የኋላ እግሮቹ ከዱት።

የእንስሳት ሐኪም ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ውሃው ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «በንጹሕ ውሃ አጥበውና አሁኑኑ ና» አለችኝ። ውሃውን የሸፈነው አልጌ ነበር፣ መርዝ ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚሉት፣ ሲሞቅና ውሃው ሲረጋ የሚራባው፣ ነፋስ እየገፋ ዳር ላይ የሚሰበስበው። ውሻ ሲጠጣ ብቻ አይደለም፣ ፀጉሩን ሲልስም ይገባዋል። ማርከሻ የለውም። በጊዜ ደርሶ ሰውነቱን መደገፍ ብቻ ነው የሚቻለው።

መኪናዬ ስድስት ኪሎሜትር ርቃ ነበር። ድንኳኑንም ሽሮውንም ጥዬ ተነሳሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። መቻል ጭንቅላቱን ጫማዬ ላይ አስደግፎ ተኛ። መንቀጥቀጡ በጫማዬ በኩል ይሰማኝ ነበር። ሲያቆም ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። «መቻል፣ መቻል» እያልኩ ነው የቀዘፍኩት። እጄ መላጡን ያወቅኩት መሪውን ስይዝ ነው።

የሐኪም ቤቱ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ሴትዮ ውሻውን ቀና ብላ እንኳን ሳታይ መታወቂያ ቁጥርና የባንክ ካርድ ጠየቀች። እቅፌ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «መድን አለው?» አለች። አለው አልኩ። የለውም። ፀደይ ላይ የባንክ ካርዴን ስቀይር ክፍያው ተመልሷል፣ ማስጠንቀቂያው በድሮ አድራሻዬ ነው የሄደው። ሁለት ሌሊት በግሉኮስ አሳደሩት። ሂሳቡ 18,400 ክሮነር መጣ። ለስምንት ወር ከፍዬ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ታንኳ አከራዩ ደወለና ለዘገየሁበት ሁለት ቀን እጥፍ አስከፈለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «እሱ የኔ ጉዳይ አይደለም» አለኝ። ገንዘቡ ይቅር፤ አነጋገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መቻል ዳነ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ገብቼ ስጠራው ጅራቱ ተነቃነቀ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ኮሙኖች የሕዝብ መዋኛዎች ላይ ያስጠነቅቃሉ፣ አንቺ የምታድሪበት ጥግ ግን የማንም መዋኛ አይደለምና ማንም አይለጥፍልሽም። ዓይንሽ ነው ጠባቂሽ። ከታንኳ ወርጄ መጀመሪያ እኔ ብቻ እስከ ጉልበቴ እገባለሁ። የእግሬ ጣቶች ካልታዩኝ ወይም ላዩ ላይ ቅንጣት ካለ መቻል አይወርድም፣ ቦታ እንቀይራለን። ቢደክመኝም፣ ቢመሽም። ለእሱ ብቻ አምስት ሊትር ውሃ ከቤት እይዛለሁ። መድኑን ደግሞ ከመሄዴ በፊት ማታ ከፍቼ አያለሁ፣ «ተከፍሏል» የሚለውን በዓይኔ። የዳልስላንድ ሐይቆች ከሜላረን የጠሩ ናቸው፣ ጁን ላይም ገና ይቀዘቅዛሉ። ቢሆንም እይው። የመድኑን ነገር በተለይ ዛሬውኑ እይው።

5. የቀረው ጥቃቅን ነው። መዥገር በሽ ነው፣ ማታ ማታ ጆሮውንና ብብቱን ዳብሺ። ላንቺም የመዥገር ክትባት አለ፣ ጠይቂ። እሳት ከማንደድሽ በፊት የእሳት አደጋና እገዳ መኖሩን የሚያሳየውን ብራንድሪስክ ኡተ የሚባለውን አፕ እይ፤ እገዳ ካለ የተዘጋጀ ማንደጃ ስላገኘሽ ብቻ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ገላጣ ድንጋይ ላይም አታንድጂ፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ጠባሳው አይለቅም። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዢ።

ደግሞ እጀታ ያለው የውሻ ጃኬት ትርፍ አለኝ፣ መቻል ወፍሮ የጠበበው። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ላለ ውሻ ይሆናል። ያንቺው ስንት ኪሎ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ በፖስታ እልክልሻለሁ።