ድስቱን ያየ እና አንቺን ያየ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አዳማ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምግብ አሰራር መልቀቅ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ለቀቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሰው አየልኝ፤ ስድቡም አብሮ መጣ። አንዷ «ሽንኩርቱ ጥሬ ነው፣ ማን ነው ያስተማረሽ?» አለችኝ። ሌላው «መጀመሪያ ጥፍርሽን ቁረጪ» አለ። አንዱ ደግሞ «ባልሽ ያሳዝናል» ብሎ ጻፈ። ይቺን ማታ ማታ እየደጋገምኩ አነባታለሁ። ባለቤቴ «አጥፊውና ተገላገይ» ይለኛል። እኔ ግን ስራውን እወደዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ቪዲዮሽን ሁለት ጊዜ አየሁት። ኮሜንቶቹንም እስከ ታች ድረስ አነበብኳቸው።

ሆድሽ ቢብስ አይፈረድብሽም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያ ሰውዬ ታክሲ እየጠበቀ ጽፎት፣ ታክሲው ሲመጣ ረስቶት ይሆናል። አንቺ ግን ይዘሽው ታድሪያለሽ። ስለዚህ «ችላ በይው» አልልሽም።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ የጻፈው ሰው ያየው ድስቱን ነው ወይስ አንቺን? የባልሽን ነገር ያነሳው ሰው ድስቱን አላየም። መልስ አትስጪው። ከቻናልሽ ደብቂው፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን ሌላ ተመልካች አያየውም። የሚደጋገሙ ስድቦችንም በቻናሉ ሴቲንግ ውስጥ መዝግቢያቸው። ቃሉ ያለበት ኮሜንት አንቺ ሳትፈቅጂ አይወጣም። የጥፍሩን ነገር ለራስሽ ትቼዋለሁ።

ሽንኩርቱን ያለችሽ ሴት ግን ድስቱን አይታለች። አነጋገሯ ክፉ ነው፤ ዓይኗ ግን አልተሳሳተም። በርበሬውን ስትጨምሪ ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ቀለሙን አልለቀቀም፤ ውሃውም ድስቱ ዳር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዶሮ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት መቁላላት አለበት። ውሃው መጥጦ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲሄድ ነው ዘይት ወይም ቅቤ የሚገባው፤ በርበሬው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። ቪዲዮው እንዳይረዝም ብለሽ የቸኮልሽ ይመስለኛል።

እኔንም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት ስለ እንጀራ ስጽፍ፣ አብሲቱ ከእሳት እንደወረደ ሊጡ ላይ ይጨመር አልኩ። አንዲት የማላውቃት አንባቢ «ለመሆኑ ምጣድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጻፈችልኝ። አንጀቴ አረረ። ሦስት ቀን ከሰው ጋር በቅጡ አላወራሁም። በአራተኛው ቀን ሊጡን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ላይ ትኩሱን አብሲት፣ ሌላው ላይ ለብ እስኪል ያቆየሁትን ጨመርኩ። ትኩስ የገባበት ኩፍ ሳይል ቀረ፤ እንጀራውም ዓይን አላወጣ። ሙቀቱ እርሾውን ገድሎታል። በሚቀጥለው እትም አረምኩት፤ አንባቢዋንም አመሰገንኳት። ዘለፋዋ ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆጠቁጠኛል። ከዚያ ወዲህ አብሲት ሳይበርድ ጨምሬ አላውቅም።

ማስፈራሪያ ከመጣብሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዳትሰርዢው። ከነስሙና ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሺና ለፖሊስ ውሰጂው። ሰውን በኢንተርኔት ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

ስልኩን ደግሞ ማታ ከመኝታ ቤት አውጪው፣ እባክሽ። ኮሜንት ጠዋት ቡና እየጠጣሽ፣ ሰው አጠገብሽ እያለ አንብቢ። ያው ቃል ሌሊት ብቻሽን ስታነቢው ይከብዳል።

ቪዲዮውን አታጥፊው። ለዚያች ሴት «ስለ ሽንኩርቱ እውነትሽን ነው፣ ቸኩዬ ነው» ብለሽ መልሺላት፤ ኮሜንቷንም ሌላው ሰው እንዲያየው ከሁሉም በላይ ፒን አድርጊው። ከዚያ ሽንኩርት ማቁላላት ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ስሪ። ምንም አትቁረጪለት። ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ካሜራውን ድስቱ አፍ ላይ አቆዪው። ስትለቂው ሊንኩን ላኪልኝ፤ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ።