በሩ አለመሰበሩ ብቻውን ባሏን አያስከስስም

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ቤቷ ውስጥ ተገድላ መገኘቷን አነበብኩ። ነፍስ ይማር። «በሩ አልተሰበረም፣ ስለዚህ ባሏ ነው እየተባለ ነው፤ እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ መርማሪ አይደለሁም። 17 ዓመት ቁልፍ ስቀርጽ፣ ሲሊንደር (ቁልፍ የሚገባበትን የበር መቆለፊያ ክፍል) ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ።

በዚህ ብቻ ማንንም ገዳይ ማለት አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ በቦስተን ከተማና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 ባለው ጊዜ 13 ሴቶች ተገደሉ። የአብዛኞቹ በር አልተሰበረም። በኋላ ገደልኩ ብሎ ያመነው ሰው የጥገና ሠራተኛ ነኝ እያለ ያስከፍት እንደነበር ተናግሯል። እኛስ ጋ «ቆጣሪ ላንብብ» ለሚል ሰው የማይከፍት ማን አለ?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እንዴት ገባ ብሎ ነው። ቁልፍ ግን ብዙ የሚናገረው እንዴት እንደወጣ ነው። አንድ ጊዜ ድምፃቸው የጠፋ አዛውንት ቤት ልከፍት ተጠራሁ። መሰርሰሪያዬን ሳወጣ ፖሊሱ እጄን ያዘኝ። መጀመሪያ ፎቶ አነሳ። ከዚያ «ሁለት ዙር ተቆልፏል ወይስ ተስቦ ነው የተዘጋው?» አለኝ። በበሩና በመቃኑ መሃል በባትሪ አየሁ። በቁልፍ ሲቆለፍ የሚወጣው ወፍራሙ የብረት ምላስ ወጥቷል። ቁልፉም ከውስጥ ተሰክቷል። አዛውንቱ በሕመም ነበር ያረፉት። ያቺ ጥያቄ ግን ከውስጤ አልወጣችም። ተስቦ ብቻ የሚዘጋ በር ከሆነ ማንም ያለ ቁልፍ ዘግቶ ይሄዳል። ከውጭ ሁለት ዙር ተቆልፎ የሟች ቁልፍ ቤት ውስጥ ከተገኘ ግን ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው መፈለግ አለበት።

ሲሊንደሩም ተፈትቶ ይመረመራል። ቁልፍ ዘወትር ሲገባበት የውስጡ ትንንሽ የናስ ዘንጎች (ፒኖች) ይለሰልሳሉ። በሽቦ ከተጎረጎረ በማጉያ የሚታይ ጭረት ይቀራል። ስለዚህ «እስኪ ይሠራ እንደሆን» ብሎ ማንም ቁልፍ እንዳይከትበት። መስኮትም ተሰብሮ ከሆነ ስባሪው የት እንደወደቀ ይታይ። መሬት ከተበተነው ልብስ በላይ ካለ፣ ዕቃው የተበተነው መስታወቱ ሳይሰበር በፊት ነው። ሌባ የገባ ለማስመሰል የተደረገ ሊሆን ይችላል።

አደራ፣ ፖሊስ ሳይፈቅድ ቤተሰቡ ቁልፉን እንዳይቀይር። ስንት ቁልፍ እንደነበረም ቁጠሩ። የቀድሞ ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ቀለም የቀባው ልጅ፣ ሁሉንም። ቁልፍ ተውሶ አስቀርጾ ለመመለስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እኔም በ17 ዓመት ውስጥ «የማን ቤት ነው?» ብዬ የጠየቅኩት ደንበኛ የለም።